የመኪና ሰርቪስና የአምራቹ ዋስትና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ገና በዋስትና ላይ ያለ መኪና የያዘ ሰው «ዘይት የት ላስቀይር?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያስጨንቀው ዘይቱ አይደለም። ከአምራቹ ወኪል ጋራዥ ውጭ አንድ ቡሎን ከተፈታ ዋስትናው ያከትማል የሚል ወሬ ስለሰማ ነው። በዚህ ፍርሃት ለዓመታት ያለ በቂ ምክንያት ውድ ዋጋ የሚከፍሉ አሉ። በአንጻሩ ዋስትና አለኝ ብለው ሰርቪሱን ችላ ሲሉ ቆይተው የሞተር ዋጋ ከኪሳቸው የሚያወጡም አሉ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት ለሁለቱም ነው።

መኪናዬን ከወኪሉ ጋራዥ ውጭ ሰርቪስ ባስደርግ ዋስትናዬ ይፈርሳል?

በዚህ ምክንያት ብቻ ሊፈርስ አይገባም። ዋስትና ማለት አምራቹ «መኪናው በአሠራር ወይም በማቴሪያል ጉድለት ቢበላሽ በራሴ ወጪ እጠግናለሁ» ብሎ የገባው ቃል ነው። በለውጡ ከባለቤቱ የሚጠበቀው ሰርቪሱን በጊዜው፣ በታዘዘው ዘይትና መለዋወጫ፣ ሙያውን በሚያውቅ ሰው ማስደረግ ነው። ይህ ከተሟላ ሥራው የተሠራበት ግቢ የማን ነው የሚለው ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ ፍሬን ማስፈተሽ፣ ጎማ ማዘዋወር እርስዎ የሚከፍሉበት መደበኛ ሰርቪስ ነው፤ ቦታውን የመምረጥ መብትም የከፋዩ ነው። የዋስትና ጥገና ግን ሌላ ነው። የተበላሸውን ዕቃ አምራቹ በራሱ ወጪ የሚቀይር ከሆነ በራሱ ወኪል ጋራዥ እንዲሠራ መጠየቁ ተገቢ ነው። የማስጠንቀቂያ መብራት በርቶብዎ ሌላ ጋራዥ ወስደው ካስጠገኑ በኋላ ደረሰኙን ይዘው ወደ ወኪሉ ቢሄዱ ገንዘቡን የሚመልስልዎ አያገኙም። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው እነዚህ ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነው።

ይህ የሕግ ድጋፍ አለው ወይስ በአምራቹ በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው?

እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ፣ አምራቹ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነጻ ካልሰጠ ወይም ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በስተቀር፣ ዋስትናን የራሱን መለዋወጫ ከመግዛት ወይም በራሱ ጋራዥ ከመጠገን ጋር እንዳያስር ይከለክላል። ሕጉ ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኮሚሽኑ፣ የሞተር ብስክሌት አምራቹ ሀርሊ-ዴቪድሰን ደንበኞቹን «የእኛን መለዋወጫ ካልተጠቀማችሁ ዋስትናችሁን ታጣላችሁ» በሚያሰኝ መልኩ በጻፈው የዋስትና ቃል ላይ እርምጃ ወስዷል።

የአውሮፓ ኅብረት ጉዳዩን የያዘው በንግድ ውድድር ሕጉ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአውሮፓ ኮሚሽን መመሪያ፣ ዋስትና እንዲጸና ዘይት መቀየርን የመሰለ ሥራ ሁሉ በወኪል ጋራዥ ብቻ ይሠራ ማለት ገለልተኛ ጋራዦችን ከገበያ የሚያስወጣ አሠራር መሆኑን ያስረዳል። በአውስትራሊያም የሸማቾች ሕግ ለገዢው የሚሰጠው መብት አምራቹ ከሚጽፈው ዋስትና በላይ የቆመ ነው።

በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ድንጋጌ የለም። ያን ጊዜ የሚገዛው በዋስትና ደብተሩ ላይ የተጻፈው ቃል ይሆናል። ስለዚህ የሻጩን የአፍ ቃል ትተው ደብተሩን ያንብቡ። «ሰርቪስ በወኪል ጋራዥ ይደረግ ዘንድ እንመክራለን» የሚለውና «ካልተደረገ ዋስትናው አይጸናም» የሚለው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ምክር ነው፤ ሁለተኛው ግዴታ ነው። ግዴታው በግልጽ ከተጻፈና የሚሽረው ሕግ በአገርዎ ከሌለ፣ ዋስትናው እስኪያልቅ ወኪሉ ዘንድ መሄድ ይሻላል።

ዋስትናው በመጀመሪያ ምኑን ይሸፍናል?

ዋስትና አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ በአንድ መኪና ላይ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው በርካታ ዋስትናዎች ይኖራሉ። አጠቃላዩ ዋስትና ብዙ ጊዜ 3 ዓመት አካባቢ ነው። ሞተርና ካምቢዮን የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ ይረዝማል፤ 5 ዓመት የተለመደ ነው፣ 7 እና 10 ዓመት የሚሰጡም አሉ። ለዝገት፣ ለቀለም፣ ለባትሪ ለየብቻው ሌላ ቀን ተቆርጦለት ያገኙታል። የጎማው ዋስትና ብዙውን ጊዜ ከጎማው ፋብሪካ እንጂ ከመኪናው አምራች አይደለም።

በአገልግሎት የሚያልቁ ዕቃዎች፣ ማለትም የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ፊልትሮ፣ አምፖል፣ ያልቃሉ ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ከአጭር ጊዜ በላይ አይሸፈኑም። የፍሬን ሸራዬ አለቀ ብሎ ዋስትና መጠየቅ አያስኬድም። ሸራው ሳያልቅ ከብረቱ ቢላቀቅ ግን የማምረት ጉድለት ነውና ይጠይቁ።

እንግዲያውስ ዋስትና የሚያሳጣው ምንድን ነው?

ከባለቤቱ ወይም ከጋራዡ ጥፋት የመጣ ብልሽት ነው፤ ያውም የሚያሳጣው ለዚያው ለተበላሸው ክፍል ነው። «ዋስትናዎ ፈርሷል» የሚለው አነጋገር መኪናው በሞላ ከዋስትና የወጣ ያስመስለዋል። ዘይት ሳይቀየር ቆይቶ ሞተሩ ቢነክስ፣ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ መዞር ቢያቆም፣ አምራቹ ሞተሩን አልጠግንም ማለት ይችላል። በዚያ ሰበብ የማይሠራውን ራዲዮ ወይም የማይወርደውን መስኮት አልሠራም ማለት ግን አይችልም፤ በዘይቱና በመስኮቱ መካከል ምንም ግንኙነት የለምና። መኪናውን በሞላ ከዋስትና የሚያወጡ ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪን መነካካት፣ በከባድ አደጋ ወይም በጎርፍ ምክንያት ከጥቅም ውጭ ተብሎ መመዝገብ እና የመሳሰሉት።

በዚህ ክርክር ውስጥ ትልቁ ጥያቄ ምክንያትና ውጤት ነው። ወኪሉ «ፊልትሮው የእኛ አይደለም» ካለዎት መልሰው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ብልሽቱን ያመጣው ፊልትሮው መሆኑን በምን አረጋገጣችሁ?

የሰርቪስ ጊዜ ቢያልፍብኝስ?

በሳምንት ወይም በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ማለፍ ሞተር አይገድልም፤ ምክንያታዊ የሆነ አምራችም በዚህ አይከራከርም። ብዙ ደብተሮች ትንሽ የማለፊያ መጠን ይፈቅዳሉ። ያለፈብዎ ከሆነ «ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» ብለው ጭራሽ አይተዉት፤ ዛሬውኑ አስቀይረው ቀኑን ያስመዝግቡ።

ብዙዎች የሚስቱት ሌላ ነገር ነው። መመሪያው «10,000 ኪሎ ሜትር ወይም 12 ወር፣ ቀድሞ የደረሰው» ካለ ሁለቱም ይቆጠራሉ። መኪናዬ ብዙ አልተነዳም፣ በዓመት 4,000 ብቻ ነው የሄደው የሚል ባለቤት ጊዜው ሲደርስ መቀየር አለበት። እንዲያውም አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሞተር በቅጡ ሳይግል ስለሚጠፋ፣ ውስጡ የሚፈጠረው እርጥበትና ያልተቃጠለው ነዳጅ ሳይተን ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው ተብሎ ዘይቱ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

ከዚህ ጋር የሚሄደው «ከባድ አጠቃቀም» የሚባለው ነው። መመሪያ መጽሐፎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ሠንጠረዥ አላቸው፤ አንዱ ለመደበኛ፣ ሌላው ለከባድ አጠቃቀም። አቧራማ መንገድ፣ ከፍተኛ ሙቀት፣ በትራፊክ መጨናነቅ ሞተር አስነሥቶ ረጅም ጊዜ መቆም፣ ተጎታች መሳብ፣ የታክሲ ሥራ ከባድ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። በሁለተኛው ሠንጠረዥ የዘይት መቀየሪያው ጊዜ በግማሽ ሊያጥር ይችላል። አሽከርካሪ ሁሉ የእኔ አነዳድ መደበኛ ነው ብሎ ያስባል። ሠንጠረዡን ሲያነብቡ ግን ምናልባት ራስዎን በሁለተኛው ወገን ያገኙታል፤ ክርክር ቢነሣም ወኪሉ የሚያነሣብዎ ያንኑ ሠንጠረዥ ነው።

የትኛውን ዘይት ልጠቀም? የአምራቹ ስም ያለበት የግድ ነው?

ስሙ የግድ አይደለም፤ ደረጃው ግን የግድ ነው። ብዙ ገንዘብም ብዙ ሞተርም የሚጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

መመሪያ መጽሐፉ ስለ ዘይት ሁለት ነገር ይናገራል። አንዱ ውፍረቱ ነው፤ 0 ደብሊው 20፣ 5 ደብሊው 30 የሚባለው። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ሲነሣ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ሞተሩ ሲግል ምን ያህል ውፍረት እንደሚይዝ ያመለክታል። ገዢው ብዙ ጊዜ ይህን አይቶ ያበቃል። ሁለተኛው የጥራት ደረጃው ነው፤ ኤፒአይ ኤስፒ ወይም ኤሲኢኤ ሲ3 የሚሉ ምልክቶች፣ አለዚያም አምራቹ ራሱ ያወጣው መለኪያ፣ ለምሳሌ የመርሴዲስ 229.51፣ የፎልክስዋገን 507 00፣ የጄኔራል ሞተርስ ዴክሶስ።

ሁለት ጣሳዎች ሁለቱም 5 ደብሊው 30 ተብለው ተጽፎባቸው ፈጽሞ የተለያየ ዘይት ሊይዙ ይችላሉ። በዘመናዊ የናፍጣ መኪና ጭስ ማውጫ ላይ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አለ። ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ በየጊዜው አቃጥሎ ራሱን ያጸዳል። ከዘይቱ የሚመጣው አመድ ግን አይቃጠልም፤ እየተጠራቀመ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ለዚህ ሲባል አመዱ የተቀነሰ ዘይት ይታዘዛል። ውፍረቱን ብቻ አይቶ አመድ የበዛበትን ዘይት ለዓመታት ሲጨምር የቆየ ሰው ማጣሪያው ቢደፈንበት ወኪሉ አልሸፍንም ቢለው ወኪሉን መውቀስ ይከብዳል።

ጣሳው ላይ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። አንዳንዱ «በአምራቹ የጸደቀ» ይላል፤ አንዳንዱ «ደረጃውን ያሟላል» ወይም «ለዚህ መኪና ይሆናል» ይላል። የመጀመሪያው አምራቹ ዘይቱን አይቶ እሺ ማለቱን ሲያመለክት ሁለተኛው የዘይት ድርጅቱ የራሱ ቃል ነው። በዋስትና ዘመን ከሆነ የጸደቀውን ይምረጡ።

ይኸው ጥንቃቄ ለሌሎቹም ይሠራል። በተለይ ሲቪቲ የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ለእሱ ከተሠራው ፈሳሽ ውጭ ሌላ ቢጨመርበት ይበላሻል፤ መደበኛ የካምቢዮ ዘይት አይተካውም። የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በቀለሙ አይመረጥም፤ ሁለት ቀይ ፈሳሾች የተለያየ ኬሚካል ሊሆኑ ይችላሉ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ስለሚስብ ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ እንዲቀየር ያዝዛሉ፤ ይህ ሰርቪስ ከሁሉም ይበልጥ የሚዘነጋው ነው።

ኦሪጂናል ያልሆነ ፊልትሮና መለዋወጫ መጠቀም ይቻላል?

ጥራቱ ከኦሪጂናሉ የሚመጣጠን ከሆነ ይቻላል። ለመኪና ፋብሪካዎች ፊልትሮ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ያንኑ ፊልትሮ በራሳቸው ካርቶን አሽገው በገበያ ይሸጣሉ። ችግሩ ስሙ የማይታወቀውና ከሁሉ የረከሰው ነው፤ ከእሱም የባሰው በታወቀ ስም የተሸጠው አስመሳይ ነው። የዘይት ፊልትሮ ከላይ ሲታይ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ግን ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚይዝ የጎማ ቫልቭና ወረቀቱ ሲደፈን ዘይት የሚያሳልፍ ሌላ ቫልቭ አለ። በመጥፎ ፊልትሮ የመጀመሪያው ቫልቭ ስለማይይዝ ሞተሩ ጧት ሲነሣ ዘይት እስኪደርሰው ለጥቂት ሰከንዶች ይንኳኳል። ያ ድምፅ በየቀኑ የሚሰማ ከሆነ ፊልትሮውን ያስቀይሩ።

በፊልትሮ ላይ የሚተርፈው ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ በዋስትና ዘመን እኔ እዚያ ላይ አልቆጥብም። ልዩነቱ የሚታየው በሠራተኛ ክፍያውና በዘይቱ ዋጋ ነው።

የትኛውን ማስረጃ ልያዝ?

ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ያስታውሱ፦ ያልተመዘገበ ሰርቪስ በክርክር ጊዜ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። መካኒክዎ ታማኝ፣ ዘይቱ ምርጥ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከ3 ዓመት በኋላ በወኪሉ ጠረጴዛ ላይ የሚናገረው ወረቀቱ ነው።

«ሰርቪስ፣ ተከፍሏል» ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ ገንዘብ ማውጣትዎን እንጂ ሌላ ምንም አያስረዳም። የሚረዳዎት ደረሰኝ እንዲህ ያለ ነው፦ ቀኑ፣ የሰሌዳ ቁጥሩና 17 ሆሄና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር፣ በዚያ ዕለት ቆጣሪው ያነበበው ኪሎ ሜትር፣ የዘይቱ ስም ከነውፍረቱና ከነደረጃው፣ ስንት ሊትር እንደገባ፣ የፊልትሮው መለያ ቁጥር፣ የተፈተሹት ክፍሎችና የተገኘባቸው ነገር፣ የጋራዡ ስም፣ ማኅተምና ፊርማ። ጋራዡ ይህን ሁሉ ለመጻፍ ቢሰንፍ የሻንሲ ቁጥሩንና ኪሎ ሜትሩን ሳያስጽፉ አይውጡ። ዘይቱ የገባው በሌላ ሳይሆን በእርስዎ መኪና መሆኑን የሚያስረዱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ደረሰኞች በሙቀት በሚሠራ ወረቀት ላይ ሲታተሙ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ደብዝዘው ባዶ ይሆናሉ፤ በተለይ ፀሐይ በሚመታው የመኪና ኪስ ውስጥ ከተቀመጡ። በዕለቱ በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም አብረው ያንሡ። የሰርቪስ ደብተሩን ማስሞላት እንዳለ ሆኖ፣ ብዙ አምራቾች አሁን መዝገቡን በኮምፒውተር ስለሚይዙ ገለልተኛ ጋራዥዎ ወደዚያ መዝገብ ማስገባት ይችል እንደሆነ ይጠይቁት።

ራሴ ዘይት ብቀይር ይቆጠርልኛል?

ደብተሩ ካልከለከለ ይቆጠራል፤ ማስረጃ ማቅረብ ግን ይበልጥ ይከብዳል። ዘይትና ፊልትሮ የገዙበትን ደረሰኝ፣ ጣሳዎቹና ቆጣሪው አንድ ላይ የሚታዩበትን ፎቶ፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን የሚመዘግቡበትን ደብተር ይያዙ። የማፍሰሻው ቡሎን በመመሪያው በተጻፈው ልክ ይጥበቅ፣ ቀለበቱም አዲስ ይሁን። ከልክ በላይ የጠበቀ ቡሎን ጥርሱ ተበልቶ ዘይት ካፈሰሰ የባለቤቱ ዕዳ ነው። በከፊል ሙያ የሚሠሩ ከሆነ የዋስትናው ዓመታት እስኪያልፉ ለባለሙያ መተዉን እመርጣለሁ።

ገለልተኛው ጋራዥ መኪናዬን ቢያበላሽስ?

ያን ጊዜ ተጠያቂው ጋራዡ ነው፤ አምራቹ በሌላ ሰው ስሕተት አይጠየቅም። ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ወኪሉ ሰርቪስ ሲያደርግ ቢያበላሽም የሚጠየቀው ወኪሉ ነው።

እንዴት እንደሚደርስ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አሮጌው የዘይት ፊልትሮ ሲፈታ የጎማ ቀለበቱ አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መካኒኩ ሳያይ አዲሱን ፊልትሮ በላዩ ላይ ያስራል። አሁን አንዱ ቀለበት በሌላው ላይ ተቀምጧል። ሞተሩ ሲነሣ ላይፈስ ይችላል፤ ቦታው ሲታይ ደረቅ ነው፤ መኪናው ይወጣል። ዋናው መንገድ ላይ ግፊቱ ሲጨምር ቀለበቶቹ ይንሸራተቱና ዘይቱ በሙሉ በአጭር ጊዜ ውስጥ አስፋልት ላይ ይፈሳል። ቀይ የዘይት መብራት ይበራል፤ አሽከርካሪው «እስከ ቤት ላድርስ» ካለ ሞተሩ ይነክሳል። መካኒኩ አሮጌውን ፊልትሮ ገልብጦ ቀለበቱ እዚያው መኖሩን ቢያይ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ስለዚህ ጋራዥ ሲመርጡ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ለሠራው ሥራ በጽሑፍ ዋስትና ይሰጣል? ስሕተት ቢፈጠር ለደንበኛ የሚካስበት መድን ወይም አቅም አለው? ቀይ የዘይት መብራት ሲበራም ወዲያው ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። መብራት በርቶ መንዳት ለየትኛውም ወገን ዋስትናን እምቢ ለማለት በቂ ምክንያት ይሆናል።

ወኪሉ በመመሪያው ላይ የሌለ ሥራ ካዘዘልኝ ማስደረግ አለብኝ?

የለብዎትም። ዋስትናውን የሚጠብቀው በመመሪያ መጽሐፉ ያለው የሰርቪስ ሠንጠረዥ ነው። ሞተር ማጠቢያ፣ የነዳጅ መስመር ማጽጃ፣ ዘይት ላይ የሚጨመር መድኃኒት ብዙ ጊዜ በሠንጠረዡ ውስጥ የሉም፤ አንዳንድ አምራቾች እንዲያውም እንዳይጨመር ይመክራሉ። ሥራውን ያዘዘልዎትን ሰው ገጹን እንዲያሳይዎ በትሕትና ይጠይቁት። የደህንነት ጉዳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሳሳ የፍሬን ሸራ ወይም የተሰነጠቀ ቺንጋ፣ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ዕቃውን በዓይንዎ አይተው ይወስኑ።

ተጨማሪ ዕቃ ባስገጥም ወይም መኪናዬን ባሻሽልስ?

የወንበር ልብስና የወለል ምንጣፍ ማንንም አያስጨንቅም። የኤሌክትሪክ መስመር ቆርጦ መብራት፣ ማንቂያ ወይም ትልቅ ድምፅ ማጉያ ማስገባት ግን ከዚያ መስመር ጋር የተያያዘን ብልሽት ሁሉ አጠራጣሪ ያደርገዋል። መኪናውን ከፍ ማድረግና ከታዘዘው የሰፋ ጎማ መግጠም በባላስትራ፣ በመሪና በኩሽኔታ ላይ ጫና ያበዛል። ከሁሉ የከፋው ጉልበት ለመጨመር የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ማስቀየር ነው። ቀድሞ ወደነበረበት ቢመለስ እንኳ በብዙ መኪናዎች ዱካ ይተዋል፤ ወኪሉ መመርመሪያውን ሲሰካ ያየዋል። ሞተርና ካምቢዮ ሲበላሽ ይህ ለባለቤቱ ምንም መከራከሪያ አይተውለትም።

የኤሌክትሪክ መኪና ሰርቪስ ያስፈልገዋል?

ያንሳል እንጂ ያስፈልገዋል። የሞተር ዘይት የለውም፤ የፍሬን ዘይት፣ የውስጥ አየር ማጣሪያ፣ የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽና በአንዳንዶቹም የማርሽ ሳጥን ዘይት ግን ጊዜ አላቸው። የባትሪው ዋስትና ብዙ ጊዜ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ አቅሙ ከተወሰነ መጠን፣ በብዛት ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ይሸፍናል። ብርቱካናማ ኬብሎቹን የሚነካ ሰው በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ የሠለጠነ መሆን አለበት፤ ይህ ከዋስትናውም በፊት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ያገለገለ መኪና ብገዛ ዋስትናው ወደ እኔ ይተላለፋል? ከሌላ አገር የመጣስ?

የፋብሪካው ዋስትና በአብዛኛው ከመኪናው ጋር ይሄዳል፤ ከሁለተኛ ባለቤት ጋር የሚያጥር ግን አለ። የቀድሞው ባለቤት ያላደረገውን ሰርቪስ ጉድለት አብረው ነው የሚወርሱት፤ ስለዚህ ደረሰኞቹን ከቁልፉ ጋር ይቀበሉ። ከወኪሉ መንገድ ውጭ ከሌላ አገር የገባ መኪና ላይ ደግሞ ዋስትናው በተሸጠበት አካባቢ ብቻ የሚጸና ሊሆን ይችላል። ሻጩ «አዲስ ነው፣ ዋስትና አለው» ሲል ዋስትናውን የሰጠው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

የተራዘመ ዋስትና ገዝቼ ከሆነስ?

በገንዘብ የተገዛ የተራዘመ ዋስትና የራሱ ውል ነው፤ ሰርቪሱ የት ይደረግ የሚለውን ከፋብሪካው ዋስትና አጥብቆ ሊወስን ይችላል። ከመፈረምዎ በፊት ያንን አንቀጽ ያንብቡ።

ሰርቪስ ስላላደረግሁ ከሪኮል እወጣለሁ?

አይወጡም። ሪኮል አምራቹ ለደህንነት የሚያሰጋ ጉድለት ሲያገኝ መኪናዎቹን ጠርቶ በነጻ የሚያርምበት ነው፤ ታካታ የተባለው ድርጅት በሠራው ኤርባግ ምክንያት ብዙ ሚሊዮን መኪናዎች የተጠሩበት አጋጣሚ ይታወቃል። ከሰርቪስ ታሪክ ጋር አይያያዝም። የሻንሲ ቁጥርዎን ሰጥተው ያስፈትሹ።

ወኪሉ ዋስትናውን እምቢ ቢለኝ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው ክፍል፣ ምን ማስረጃ። በቃል «አይሸፈንም» ማለት ቀላል ነው፤ ፈርሞ መጻፍ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እንደገና ይታያል።

ሞተር ከመከፈቱ በፊት የሚያስፈርሙዎትን ወረቀት በደንብ ያንብቡ። ምርመራው «አይሸፈንም» ካለ የመክፈቻውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሲከፈት መገኘት ከቻሉ ይገኙ፤ ካልቻሉ ፎቶ ይጠይቁ። የቴስታታው የላይ ክዳን ሲነሣ ሰርቪሱ በወቅቱ የተደረገለት ሞተር ውስጡ ቡናማ ዘይት የቀባው ብረት ነው፤ ችላ የተባለው ደግሞ የረጋ ጥቁር ዝቃጭ ይዟል። ያንን ፎቶና የእርስዎን ደረሰኞች አንድ ላይ ማስቀመጥ ክርክሩን በብዙ ያሳጥረዋል። የተበላሸውን ዕቃም ሆነ ከሞተሩ የወጣውን ዘይት ናሙና እንዳይጥሉት በጽሑፍ ያስታውቁ፤ ገለልተኛ ባለሙያ ሊያየው ይችላል።

ከዚያ ወደ አምራቹ ዋና መሥሪያ ቤት ይጻፉ። ወኪልና አምራች አንድ አይደሉም፤ ወኪሉ የዘጋውን አምራቹ የሚከፍትበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ ያለው የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። በየደረጃው ቀን፣ ያነጋገሩትን ሰው ኃላፊነትና የተባለውን ይመዝግቡ።

ዋስትናው ሊያበቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማድረግ ያለብኝ ነገር አለ?

አለ፤ የሚያደርገው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከማብቂያው ቀን ወይም ኪሎ ሜትር ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት መኪናውን በሚያምኑት ገለልተኛ ጋራዥ ከሥር እስከ ላይ ያስፈትሹ። ዘይት የሚያልብ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ድምፅ የጀመረ ኩሽኔታ፣ አልፎ አልፎ የሚዘገይ የማርሽ ለውጥ፣ በብርድ የሚሰማ ጩኸት ከተገኘ ይጻፍ። ዝርዝሩን ይዘው ወኪሉ ዘንድ ይሂዱና በሥራ ትእዛዙ ላይ እያንዳንዱ እንዲሰፍር ያድርጉ። «አሁን ችግሩ አልታየንም» ብለው ቢመልሱዎት እንኳ የተፈረመበትን ቅጂ ይውሰዱ። ዋስትናው ካበቃ ከሁለት ወር በኋላ ያው ክፍል ቢበላሽ፣ ችግሩ የጀመረው በዋስትናው ዘመን መሆኑን የሚያሳየው ቀን ያለበት ወረቀት በእጅዎ ይኖራል።